ከሦስተኛው ረድፍ የጮህኩት ቃል

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1986

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ማዕረግ ናት። ከትምህርት ቤት የተረፈኝ ነው አለች። ልጄ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምክሯ ግን የሽማግሌ ነው። ስለ ጨዋታው እዚህ ጻፊና አባባን ተዪው አለችኝ። እውነቷን ነው። ንዋይ ኤቨረት ከተማ ድረስ ነድቶ፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ቆሞ ውሎ ነው የሚመጣው፤ እኔ ስለ ቅርጫት ኳስ ስጀምር እሱ ሹካውን እንደያዘ ያንቀላፋል።

ዛሬ ልጆቹ በስድስት ነጥብ አሸነፉ። ሎሬታ ብቻዋን አሥራ አራት አገባች።

እንዴት የኮሌጅ ሴቶች ኳስ ወዳድ እንደሆንኩ ልጻፍ። አሜሪካ መጥተን ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር የገባነው በ84 ኖቬምበር ነበር። በሳምንቱ ከታችኛው ፎቅ ያሉት ሴትዮ በራችንን አንኳኩ። ማዕረግን በስስ ሹራብ አውቶቡስ ስትጠብቅ አይተዋት ኖሮ ኮት ይዘው መጡ። ያኔ ያየን ሁሉ ስለ ረሃቡ ይጠይቀን ነበር፤ እሳቸው ምንም አልጠየቁም። ኮቱን ለክተውላት፣ እስከ አንገቷ ቆልፈውላት ወረዱ። ሚስስ ፕሩት ይባላሉ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔና ማዕረግ እማማ ነው የምንላቸው፤ ትርጉሙን ነግረናቸው ወደውታል። እኔን ሮማ ይሉኛል፤ ሮማነወርቅ ረዘመባቸው።

ሎሬታ የልጅ ልጃቸው ናት። ለኮሌጁ ትጫወታለች፤ ኳስ እያነጠረች የምታመጣው፣ ቡድኑን የምትመራው እሷ ናት። ለቤተሰብ የሚሰጣትን ትኬት እማማ ከእኛ ጋር ይካፈሉታል። ሦስተኛው ረድፍ፣ ልክ ከተጫዋቾቹ አግዳሚ ጀርባ ነን። እኔም አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ ተሰልፌ ተጫውቻለሁ። አጭር ነበርኩ፤ እጄ ግን ፈጣን ነበር። ሎሬታን ስመለከት ያንን እጄን ያየሁ ይመስለኛል። ኳሱ እንኳ እኛ ከተጫወትንበት ያንሳል፤ ለሴቶች ብለው በቅርቡ አሳንሰውታል። በዚህ ኳስ እኔ ብሆን ኖሮ እላለሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ከከተማ ውጭ ተጫውተው ተሸነፉ። ሎሬታ ለእማማ ኮል አድርጋ ነገረቻቸው፣ እማማ ለእኔ። አራት ደቂቃ ሲቀር በሰባት ነጥብ ይመሩ ነበር አሉ። ይህ ቡድን መጨረሻው ላይ ይፈርሳል። ያለቀ ይመስላቸዋል። ከዚያ አንዲት ኳስ ትጠፋለች፤ ከዚያ ሁሉም ኳሱን እንደ ፍም ከእጃቸው ማሽቀንጠር ይጀምራሉ። አሰልጣኟ ጨዋታውን ማስቆም ሲገባት እጇን አጣምራ ትቆማለች።

ንዋይ ሰምቶኝ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የተሸነፍሽው አለኝ። እኔ ነኝ የተሸነፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18፣ ምሳ ሰዓት

ቶሎ ቶሎ። የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነኝ፣ ሲታክ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ።

ጠዋት አንድ እንግዳ ሰዓቴ ጠፋ አለ። ማናጀሩ አምስት ሠራተኞች አሰለፈ። አምስታችንም ጥቁሮች ነን። ቦርሳ ክፈቱ ተባልን። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ «እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ኦኬ፣ ቦርሳሽን ክፈቺ አለኝ። ዴኒስ፣ አብራኝ ፎጣ የምታጥፈው አሜሪካዊት፣ ዞር ብላ አየችኝ። ሰዓቱ በኋላ እዚያው እንግዳው ጫማ ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ያለን የለም።

ከሥራ በኋላ ጨዋታ አለ። ደግነቱ።

ያው ቀን፣ ከጨዋታው በኋላ

ተሸነፍን። አምስት ደቂቃ ሲቀር በአሥራ አንድ ነጥብ እየመራን። ያውም በሜዳችን።

መጀመሪያ ሎሬታ ኳስ ተነጠቀች። ደግማ ተነጠቀች። ረጅሟ ልጅ ከቀለበቱ ሥር ሆና ሳተች። እነዚያ በሁለት በሁለት እየቀነሱ መጡ። አሥራ አራት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ ተመራን። ሎሬታ ላይ ጥፋት ተሠራባትና ወደ ቅጣት መስመሩ ሄደች። የመጀመሪያውን ካገባች ሁለተኛ ይሰጣታል፤ ከሳተች የለም። ጂሙ ጭጭ አለ። ወረወረች። ኳሱ የቀለበቱን ፊት መትቶ ተመለሰ።

ያኔ ተነስቼ ጮህኩ። በአማርኛ። ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም።

ማንም አልሰማም። ማለቴ ሰምተዋል፤ የገባው የለም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ጥምቀት ነው። ለጸሎት ወደምንሰበሰብበት አዳራሽ አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ።

ማዕረግ ቁርስ ላይ፣ «ባሪያ ማለት ስሌቭ አይደለም?» ብላ ጠየቀች። ንዋይ ቀና አለ። ማን አለ ብሎ ጠየቃት። «ማሚ። ሎሬታን።»

በንዴት ነው አልኩ። እኛ አገር እንዲሁ የሚባል ቃል ነው፣ ትርጉሙን አስቦ የሚናገረው የለም አልኩ። ልጅቷ አየችኝ። እንዲሁ እንደማይባል እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ለማን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ንዋይ ልጅ ፊት ብቻ አይባል ብሎ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ቃሉን አልነቀፈም፤ ቦታውን ነው የነቀፈው። እኔም በልቤ ይህንኑ ነበር የምለው፦ የተሳሳተ ቦታ። አሁን ስጽፈው ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21፣ አውቶቡስ ላይ

ያልጻፍኩት ነገር አለ።

ቅዳሜ ከጨዋታው ስንመለስ እማማ እየነዱ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ማዕረግ ከኋላ ነበርን። ለሎሬታ ምን ብለሽ ነው የጮህሽላት ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ብሩህ ነበር። አይዞሽ፣ በርቺ ማለት ነው አልኳቸው። ሳላስብ ነው የወጣኝ። ሳላስብ የወጣኝ ሁለተኛው ነገር።

እማማ በጣም ደስ አላቸው። ልጄ ስትስት ሰዉ ሁሉ አጉረመረመባት፣ የተነሳሽላት አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ። ከዚያ ቃሉን ሊማሩት ፈለጉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ይዘምራሉ፤ ጆሯቸው ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ አበላሹት፣ በሦስተኛው ልክ እንደኛ አሉት። ጎሽ አልኳቸው።

ጎሽ አልኳቸው።

ማዕረግ ከኋላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ዛሬም አዳራሽ አልሄድኩም። ንዋይና ማዕረግ ሄዱ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ልጻፍ።

አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ ትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ከደቡብ ነው የመጣችው፤ ከየት እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ትሁን ብለን የምንጠራት እሷ ስትሰማ ነው። አባቴ እንግዳ ሲመጣ፣ «ባሪያዋ ውሃ ታምጣ» ይል ነበር። በክፋት አልነበረም። በክፋት አልነበረም ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ? በክፋት ቢሆን አንድ ቀን ይበርድ ነበር።

ለጨዋታ ስሄድ የምጫወትበትን ጫማ ይዛ ተከትላኝ ትመጣና ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። የሚያስገባት አልነበረም። ሳገባ ከአጥሩ ማዶ እልል የምትለው እሷ ነበረች። ጓደኞቼ ሲስቁ አፍሬባት፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ አልኳት። ቀረች። ጫማዬን ራሴ ተሸክሜ መሄድ ጀመርኩ።

አሁን ስሟን ስጽፍ የአባቷን ስም እንደማላውቀው ገባኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖረናል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 1

እማማ በራችንን አንኳኩ። ራስ ምታት አልኩ። ማዕረግ አብራቸው ሄደች። አሸነፉ፣ በዘጠኝ።

ስትመለስ እማማ ጮኹ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር አለችኝ። ተመስገን አልኩ። በአሮጊት ጉንፋን ተመስገን የምል ሰው ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 8

ልነግራቸው ወረድኩ። የበቆሎ ዳቦ ጋግረው ነበር። ቁጭ በይ አሉኝ። ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ፣ ስለ ባላቸው አወሩኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ፋብሪካ ሊሠሩ ከሉዊዚያና ሁለቱም በባቡር እንደመጡ። ሁለት ቁራሽ በላሁ። ለማዕረግም ጠቅልለው ሰጡኝና ወጣሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩወሪ 10

ቄሱ በወር አንዴ ነው ከካሊፎርኒያ የሚመጡት። እሳቸው ሲመጡ ንስሐ እገባለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ይህን ስወስን ቀለለኝ። ለቄስ መናገር ደረጃውን ወርዶ ለእማማ ከመናገር እንደሚቀል ለራሴ ማመን አልፈለግኩም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 15

ይህን ሳልጽፍ መተኛት የለብኝም።

የዛሬው፣ ካሸነፉ ወደ ኮሌጆቹ የማጠቃለያ ውድድር የሚያሳልፋቸው ጨዋታ ነበር። እንዳልቀር እማማ አስቀድመው ነገሩኝ፤ ትኬት ተርፏል፣ ጓደኛም አምጪ አሉኝ። አፀደን ጋበዝኳት። አፀደ ሆቴሉ ውስጥ አልጋ ክፍል የምታጸዳ የአገሬ ልጅ ናት፣ ሳቂታ። ለምን እሷን ጨመርኩ? ከእማማ ጋር ብቻዬን እንዳልቀመጥ ነው። ከእማማ ቀኝ ማዕረግ፣ ከማዕረግ ቀጥሎ እኔ፣ ከኋላችን አፀደ።

ልጆቹ እንዲህ ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ሎሬታ ኳሱን ሳታየው ነበር የምታቀብለው። ሦስት ደቂቃ ሲቀር በዘጠኝ መራን። ሁሉንም ነገር ረስቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ረጅሟ ልጅ በአምስተኛ ጥፋት ወጣች። እነዚያ አገቡ፣ ደገሙ። አሰልጣኟ እንደልማዷ እጇን አጣመረች። ዘጠኙ ሦስት ሆነ። ሎሬታ ቅጣት ልትወረውር መስመሩ ላይ ቆመች፣ ሁለት ጊዜ አነጠረች። ሰዉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መካከል እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ መለከት አድርገው፣ በሚያምረው የዝማሬ ድምፃቸው፣ ጥርት አድርገው፣ ያንን ቃል ጮሁ።

ለልጅ ልጃቸው።

አፀደ ከኋላ ሳቋን ለቀቀችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማን አስተማራቸው ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እማማ የተወደደላቸው መስሏቸው ወደ እሷ ዞረው ፈገግ አሉና ደገሙት።

ሎሬታ ኳሱን እንደያዘች ዞረች። አያቷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ፤ ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ እስኪደርስ። ከዚያ ወረወረች። ሳተች።

በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች አላየሁም፤ ጫማዬን ነበር የማየው። ማለፉም ቀረ። እማማ በመኪናው ውስጥ፣ ድምፄን አልሰማችው ይሆናል፣ በሚቀጥለው የበለጠ እጮሃለሁ አሉ።

ሰኞ፣ ፌብሩወሪ 17

ማዕረግ ከቅዳሜ ጀምሮ በአማርኛ አትመልስልኝም። በፊትም እንግሊዝኛ ታበዛለች፤ ግን ሳናግራት አንዳንዱን ትመልስ ነበር። አሁን አንድም። ብዪ ወይ ጠጪ ስላት «ኦኬ» ብቻ። ዛሬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። በእንግሊዝኛ፣ ያንን ቋንቋ አልወደውም አለችኝ።

ተቆጣሁ። ከዚያ መቆጣት እንደማይገባኝ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩወሪ 19

ለንዋይ ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሴትዮዋ ካልገባቸው ለምን ታቆስያቸዋለሽ፣ ጊዜ ይሸፍነዋል አለ። ቄሱስ አልኩ። ለቄሱ ንገሪ አለ።

ማዕረግ ከክፍሏ ሰምታ ወጣች። ጠረጴዛው ጋ ቆመች። «ወይ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው። ከስንት ቀን በኋላ የሰማሁት አማርኛዋ ይህ ነው።

ዓርብ፣ ፌብሩወሪ 21

ነገርኳቸው።

ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር አገኘኋቸው። ነገ ሎሬታ በሜዳዋ የምትጫወተው የመጨረሻ ጨዋታ ነው፤ አራተኛ ዓመቷ ነው፣ ከዚህ በኋላ የለም። ጉሮሮዬን በማር አለስልሼዋለሁ አሉኝ። ቃሉን ሊለማመዱት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ይተዉት፣ እማማ» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ግን ገባቸው። ፊቴን አይተው በሩን ከፈቱልኝ።

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ሰው ሲያስገቡ የሚያደርጉትን ነጭ ጓንት መተኮስ ጀምረው ነበር። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀሉና ተቀመጡ። ቆሜ ነገርኳቸው። አይዞሽ ማለት አይደለም፣ ስሌቭ ማለት ነው፣ ከእኛ ይልቅ ጥቁር ነው የምንለውን ሰው የምንሰድብበት ቃል ነው አልኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ። በማይሰባበር ቋንቋም ቢሆን ያው ነበር።

«አንቺስ ምንድን ነሽ?» አሉኝ።

ማናጀሩ ፊት ቆሜ ያልኩት ትዝ አለኝ። እሱን አልነገርኳቸውም።

ጓንቱን አነሱ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ። አያታቸው በባርነት እንደተወለዱ ነገሩኝ። «ትንሽ ልጅ ሆኜ እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እወስዳት ነበር። ለእኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ነገር አይደለም። የያዝኩት እጅ ነው።»

ይቅርታ አልኩ። ሰምቻለሁ አሉ። ሰው ሲቆጣ ብዙ ነገር ይናገራል፣ እኔም በቁጣ የተናገርኩት አለ፣ እሱን እችለው ነበር አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«መኪናው ውስጥ ጠየቅኩሽ እኮ። ያኔ መናገር ትችዪ ነበር። ይልቅ አፌ ውስጥ ከተትሽው። ልጄን በገዛ አፌ አሰደብሽኝ።»

በእንግሊዝኛ ያሉት ከተትሽው ነው። እኔ የሰማሁት አጎረስሽኝ የሚለውን ነው። ለልጄ ኮት ላመጡላት ሴት ያጎረስኩት ይህንን ነው።

ለሎሬታ እሳቸው ይነግሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እንዴት እንደዚያ ለማለት እንደደፈርኩ አላውቅም። ያ የአንቺ ሥራ ነው አሉኝ። በሩን ራሴ ዘግቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 22

እኔ አልሄድኩም። ማዕረግን ወስደዋታል። ኮቷን ለብሳ ደረጃው ላይ ስትጠብቅ በመስኮት አየሁ። መኪናው ሲቆም እማማ ወደ ላይ አላዩም።

አሸነፉ። በሃያ አንድ። ማዕረግ ናት የነገረችኝ፤ በሦስት ቃል።

እሑድ፣ ማርች 2

ሎሬታ አያቷን ልትጠይቅ መጣች። ከታች ፓርክ ስታደርግ አየኋት። ጫማዬን ሳላስር ወረድኩ፤ ዝናብ ነበር።

ከቅርብ ሳያት ልጅ ናት። ከሜዳ ላይ ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር። በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿ ፋሻ አለ። ልናገር ስጀምር፣ አውቀዋለሁ አለችኝ። አያቷ እንደነገሯት መሰለኝ። አይደለም። ኬሚስትሪ ክፍሏ ውስጥ አንዲት ያገራችን ልጅ አለች፤ ቃሉን ድሮ ነግራታለች፣ ከሰማሽው ስድብ ነው ብላ። በጃንዋሪ ስጮህ እዚያው መስመሩ ላይ ቆማ ገብቷታል።

ያን ሁሉ ሳምንት ታውቅ ነበር። ራሴን አመመኝ ብዬ ስቀር፣ መጨረሻ ላይ መጥቼ ከአያቷ ጋር ስቀመጥ፣ ታውቅ ነበር።

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። አያቴ አንቺንና ልጅሽን ትወዳለች፣ ብዙ ሰው አልቀረላትም አለችኝ። ራስሽ እስክትነግሪያት እየጠበቅኩ ነበር አለች። እሷ ተነስታ እስክትጮህልኝ ድረስ ዝም ትያለሽ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም አለች።

አለቀስኩ። ያ ጨዋታ የተበላሸው በእኔ ነው፣ ያለፋችሁት በእኔ ነው አልኩ። ማለቴ ያላለፋችሁት። እንግሊዝኛዬን አጠፋሁት። ሎሬታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«አይደለም። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ሮጬ እጄ ደክሞ ነበር፤ ለዚህ ነው የሳትኩት። እሱን እንኳ ለራስሽ አትውሰጂው።»

ወደ አያቷ ገባች። እኔ ዝናቡ ውስጥ ቀረሁ። ቢያንስ ጥፋቱ ትልቅ ነው ብዬ እጽናና ነበር መሰለኝ። ያንንም ወሰደችብኝ፤ ደግ አደረገች።

ዓርብ፣ ማርች 14፣ ምሳ ሰዓት

ጾም ገብቷል። የአገራችን ሴቶች ምሳ የምንበላው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አራት ነን። አፀደ የእማማን ነገር እያወራች አገኘኋት። እጇን አፏ ላይ እንደ መለከት አድርጋ እያስመሰለች። ሁለቱ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ እንዲያው ማን ይሆን ያስተማራቸው አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀልድ መሰላቸው። ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ጨዋታውን፣ መኪናውን፣ ጎሽ ማለቴን፣ ሎሬታ ገብቷት እንደነበር። ሳቁ ቆመ። አፀደ፣ እኛ እኮ እንዲሁ ለጨዋታ ነው የምንለው አለች። እኔም ለልጄ እንዲሁ ነው ያልኳት አልኳት። አፀደ የምሳ ዕቃዋን ዘግታ ተነሳች።

የላውንደሪዋ ዴኒስ ከሌላው ጠረጴዛ ታየን ነበር። ምን እንደተባለ አልገባትም። እሷ ጋ ሄጄ ልቀመጥ አሰብኩና ተውኩት። ዛሬ ልክ ነገር ስለሠራሁ ቶሎ ሰው ይየኝ የሚል ስሜት ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

ቄሱ መጥተው ነበር፣ ነገርኳቸው። የበደልሻቸውን ሴት ይቅርታ ጠየቅሽ ወይ አሉኝ። ጠየቅኩ አልኩ። ይቅር አሉሽ ወይ አሉኝ። ሰምቻለሁ ነው ያሉኝ አልኩ። እንግዲህ ጠብቂ አሉኝ።

ደረጃ ላይ ከእማማ ጋር እንገናኛለን። ሰላም ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ግን በራችንን አንኳክተው አያውቁም። ማዕረግ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ እዚያ ነው የምትገባው፤ እኔም አልከለክላትም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ዛሬ የማዕረግ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። የሰፈሩ የሴት ልጆች ቡድን ነው፣ ጂሙ ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር። ተመዝግባ መለማመድ እንደጀመረች እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሎሬታ ናት ቅዳሜ ቅዳሜ የምታሠለጥናቸው።

ንዋይ እንኳ መጣ። ከላይኛው አግዳሚ ተቀመጥን። እማማ ከታች ፊት ለፊት ነበሩ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው።

ልጄ እጇ ፈጣን ነው። አላውቅም ነበር። ኳስ ነጥቃ ብቻዋን ሮጣ አገባች። ንዋይ እየዘለለ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ግማሹ ላይ በስምንት ይመሩ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን እነሱም እንደ ትልልቆቹ ፈረሱ። አንዷ ደከማት፣ አንዷ አለቀሰች፣ ኳሱ ከእጅ እጅ ጠፋ። አንድ ደቂቃ ሲቀር ስምንቱ አልቆ እኩል ሆኑ። ማዕረግ ላይ ጥፋት ተሠራና መስመሩ ላይ ቆመች።

የመጀመሪያውን ሳተች።

ቀና ብላ ወደ ሰዉ አየች። እኔን ነው የፈለገችው፤ አገኘችኝ። አንድ ቃል እየጠበቀች ነበር፣ ከእኔ። አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን አልወጣኝም። የአማርኛ ቃል ነው፣ ጂሙ ጸጥ ብሏል፣ እማማ ከታች ተቀምጠዋል። ጮክ ብዬ ብናገረው ምን ይመስላቸዋል? እጄን ብቻ አነሳሁ። ልጄ እጄን አየችው፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ዓይኗን መለሰች።

እማማ ተነሱ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው አግዳሚውን ተደግፈው ነው የተነሱት። ወደ እኔ አልዞሩም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የልጄን ስም ጠሩ፣ ስሟን ብቻ፣ «ማሪግ» ብለው፤ «ዕ»ዋ አትሆንላቸውም። አንዴ ነው የጠሩት።

ማዕረግ ሁለተኛውን ወረወረች። ገባ።

በአንድ ነጥብ አሸነፉ። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተቃቀፉ። ማዕረግ ከመካከላቸው ወጥታ ሮጠች፤ ወደ እሳቸው። ንዋይ አንሄድም ወይ አለኝ። ትንሽ እንቆይ አልኩት። ከላይ ሆኜ፣ እማማ በመሀረባቸው የልጄን ፊት ሲጠርጉላት ቆሜ አየሁ።